ላንድሮቨሯን «እርስዎ» ይሏት ነበር

ያሳደጉኝ አጎቴ ቦንጋ ከተማ ባለው ግቢያችን ውስጥ ሁለት መኪና ነበራቸው፤ የንጉሡ ዘመን ላንድሮቨርና የደርግ ጊዜ ላዳ። ጠዋት ጠዋት የላንድሮቨሯን ኮፈን ዳበስ አድርገው «እትዬ፣ እንዴት አደሩ?» ይላሉ። ላዳዋን ግን «ተነሺ፣ አንቺ ቀበጥ!» ነው። ኢሕአዴግ ሲገባም ሰላምታቸው አልተለወጠም።

«ጋሼ፣ ሁለቱም ብረት አይደሉም?» ብዬ ሳቅሁ።

«ላዳዋ በደረቅ መንገድ እንደ ሙሽራ ናት። እትዬ ግን በክረምት የዋጫን መንገድ ጭቃ አልፈው ስንት ወላድ ሐኪም ቤት አድርሰዋል! ‹አንቺ› ይባላሉ እንዴ?» አሉኝ።

በጋሼ ቀብር ማግስት፣ በሁለቱ መኪኖች መካከል እሳቸው ይቆሙበት የነበረው ዘይት የጠጣ መሬት ባዶ ነበር። ሰው ፊት መናገር የማፍረው እኔ፣ ለቀስተኛው እያየኝ ኮፈኑን ዳበስኩና «እትዬ፣ እንዴት አደሩ?» አልኩ።

ወደ ላዳዋ ዞርኩ። በዚያ ጠዋት እሷንም «አንቺ» ማለት አቃተኝ።