ኡስታ ሻህቬርዲና የሆዱ መስመሮች

በሰርዒን ፍል ውኃ፣ በሙያው ብልጫ «ኡስታ» የሚባለው ገላ ፈታጊ ሻህቬርዲ ያልፈተገው ጀርባ አልነበረም። እኔንም በልጅነቴ አባቴ ሲወስደኝ፣ በሻካራ ጓንቱ ፈትጎ ፈትጎ እንደ ቲማቲም አቅልቶኝ ይለቀኝ ነበር። «እድፍና ባለዕዳ ካላጣደፉት አይለቅም» ይላል እየሣቀ።

የጨጓራ ካንሰር በያዘው ዓመት አርደቢል ከተማ ሆስፒታል ወስደው አብዛኛውን ጨጓራውን ቆርጠው አወጡለት። በሽታው ግን በጨጓራው ዙሪያ ወዳሉት ዕጢዎች ተሻግሮ ኖሮ፣ ሐኪሙ ኬሞና ጨረር አንድ ላይ አዘዘለት። ጨረሩን የምትሰጠው፣ ታላላቆችን ሁሉ «አጎቴ» የምትል ባለሙያ ኑሽአፈሪን ጨረሩ የሚያርፍበትን ስፍራ ሆዱ ላይ በቀለም አሰመረች።

«አጎቴ፣ እስክንጨርስ ይህን እንዳይፈትጉት። ከጠፋ እንደገና መለካት አለብን፤ ማቋረጥ ደግሞ ለበሽታው ፋታ መስጠት ነው።»

እሺ ብሎ ተመለሰ። ዓርብ ለጁምዓ ሶላት ሲታጠብ ግን የለመደ እጁ አታለለው። ሚስቱ ጉልሰነም ብታየው፣ ሆዱ እንደ ሕፃን ሆድ ጸድቶ ያበራል።

«ምን ነካህ አንተ ሰው!»

«ቆሽሾ ታየኝ።»

«ቆሽሾ? መድኃኒትህን እኮ ነው ያጠብከው!»

ቅዳሜ ኑሽአፈሪን ልብሱን ገልጣ አየችና፣ «አጎቴ፣ በእርስዎ ፈንታ ሌላ ሰው ነው እንዴ የላኩልኝ?» አለችው። እንደገና ለክታ እስክታሰምር የዚያን ዕለት ጨረር አመለጠው። ሻህቬርዲ አንገቱን ደፋ። «በገዛ እጄ ለጠላቴ ቀን ሰጠሁት» እያለ እስከ ቤቱ አለቀሰ።

በማግሥቱ ጓንቱን ይዞ ፍል ውኃው ሄደና ሙያውን ከእርሱ ለተማረው ለሰፈርአሊ ሰጠው። «ውሰድልኝ። ቤት ካለ እጄ አያርፍም።»

«ታዲያ ኡስታ፣ ሳይፈተጉ ሊከርሙ ነው? ጠረንዎ ቀድሞዎት ሊመጣ ነዋ!»

«ይምጣ! ለመታጠብማ ሬሳም ይታጠባል።»

የፍል ውኃው ሰው ሁሉ በሣቅ ፈነዳ። እርሱም ሣቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

እነዚያ ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ኬሞው ያቅለሸልሸዋል፤ በቀረችው ጨጓራ ብዙ መብላት አይችልም። ጉልሰነም የተቀቀለ ድንችና እንቁላል ደቁሳ በጥቂት በጥቂቱ ታጎርሰዋለች። እምቢ ሲላት፣ «እኔንም እንደ ደንበኞችህ ልታስለቅሰኝ ነው?» ትለዋለች፤ ይውጣል። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ አንድም ቀን ሳይቀር እየተመላለሰ ሕክምናውን ጨረሰ።

በመጨረሻው ዕለት ኑሽአፈሪን «በቃ አጎቴ፣ አሁን ይታጠቡ» አለችው። ቤት እንደገባ ጉልሰነም ለብ ያለ ውኃ አቀረበችለት። ገላውን ሁሉ አጥቦ ሆዱ ላይ ሲደርስ ግን እጁን ሰበሰበ።

«ምነው፣ ያችን ቀለምስ ማን ሊያጥብልህ ነው?»

«ተያት፤ በራሷ ጊዜ ትሂድ» አላት።