ፍላቮኖይድና በስልክ የመጣችው ዶክተር

ኦክላንድ ውስጥ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ለሦስት ዓመት ያህል ወሬውን እዚህ ላይ አቆመው ነበር። «የምን ላብራቶሪ?» የሚል ሰው ከመጣ፣ ሻዩ ሊገነፍል ነው ብዬ ብድግ እላለሁ። የኛ ሰው ላብራቶሪ ሲባል ደም ብቻ ነው የሚመስለው። ስለዚህ የኮሌስትሮል ወረቀቱን እያመጣ «እስቲ እዪልኝ» ይለኛል። እኔም አየት አደርግና «ቅባት ቀንስ» እላለሁ። እስከ ዛሬ ተሳሳትሽ ያለኝ የለም።

እውነቱን ልናገርና፣ እኛ ላብራቶሪ የሚመረመረው ካናቢስ ነው፤ የኛ ሰው ሐሺሽ የሚለው፣ እዚህ ግን በሕግ የሚሸጥ። ሱቆቹ ከመሸጣቸው በፊት ናሙና ይልካሉ፤ ሻጋታ አለው ወይ፣ የተባይ መድኃኒት ተርፎበታል ወይ፣ የሚያሰክረው ነገር ምን ያህል ነው፣ ይባላል። እኔ ጠርሙስ አጥባለሁ፣ ናሙና እመዝናለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ነው ከአገር የወጣሁት፤ ጆሮዬ ግን ትምህርት አቋርጦ አያውቅም። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ወጣት ኬሚስት ደግሞ ማስተማር ትወዳለች። የሚያሰክረው ነገር አይደንቃትም። የሷ ፍቅር ፍላቮኖይድ ነው።

ፍላቮኖይድ ማለት፣ አለችኝ፣ ተክሎች ቀለም የሚያወጡበት፣ ፀሐይና ተባይ የሚከላከሉበት ነገር ነው። ቀይ ሽንኩርት ውስጥ አለ፣ ሻይ ውስጥ አለ። ጤና አዳም ውስጥ ያለው እንዲያውም ስሙ የወጣለት ከጤና አዳም የላቲን ስም ነው። ይህን ስሰማ የሚታጠበው ጠርሙስ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ካናቢስ ደግሞ ካንፍላቪን የሚባል አለው፤ አያሰክርም፣ መጠኑም ጥቂት ነው። በብርጭቆ ሳህን ላይ ባሉ ሴሎችና በአይጥ ሲሞከር ብግነት የሚያበርድ ይመስላል። «ግን ሰው ላይ ገና ነው» ትላለች። ይቺን «ግን» ስትል ጣቷን ቀጥ አድርጋ ታነሳለች። እኔ ጣቷን አይቻለሁ፤ ልቤ ግን ጤና አዳሙ ላይ ቀርቶ ነበር።

ምስጢሬ የወጣው ሳን ሆዜ፣ ክርስትና ቤት ነው። ከሥራ በቀጥታ ስለሄድኩ ጃኬቴን አልቀየርኩም። አጠገቤ የተቀመጠው ታክሲ የሚነዳ ቀልደኛ ሰው አንዴ አሸተተ፣ ሁለቴ አሸተተ።

«እህቴ፣ ጃኬትሽ ምን አጭሶ ነው የመጣው?»

«የሥራ ጃኬቴ ነው።»

«ሥራሽ ደም አልነበር እንዴ? የማን ደም ነው እንዲህ የሚሸተው?»

አንዷ ሳህኗን ይዛ ራቅ አለች። ስሜን ለማዳን አፌን ከፈትኩና እግዜር ያሳያችሁ፣ አልዘጋ አለኝ። ሽታው ከፍላቮኖይድ እንዳልሆነ ተናገርኩ፣ ቀለሙን፣ ሽንኩርቱን፣ ካንፍላቪኑን ዘረዘርኩ። ጤና አዳም ላይ ስደርስ ራቅ ብላ የነበረችው ሴትዮ ወንበሯን ጎትታ መጣች። ሾፌሩ ራሱ «በቃ ይቅርታ፣ ጃኬቱ ዩኒቨርሲቲ ነው» አለ። ስወጣ «ይሄንን በቮይስ አድርጊና የስልክ ግሩፓችን ላይ ልቀቂልን» ብለው ለመኑኝ። ለምኑኝ ማለት የማልወድ ሰው አይደለሁም።

ወደ ሰፈሬ ወደ ፍሩትቬል የሚመልሰኝ ባቡር ውስጥ ቀዳሁት። አቤት ሲጣፍጥ! ስድስት ደቂቃ የቅጠሉንና የሽንኩርቱን ፈውስ አወራሁ። «ግን» የምትለዋ ላይ ልደርስ ስል ባቡሩ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ አውራ ጣቴ ለቀቀ፣ ድምጼ ሄደ። ቤቴ ደረጃ ላይ ቆሜ ሁለተኛውን ላክሁ፤ «ግን ሰው ላይ ገና ነው፤ መድኃኒታችሁን እንዳታቋርጡ።» ይኸው ነው፣ ደረቅ ያለ። የመጀመሪያውን ሰው ሁሉ ፎርዋርድ አደረገው። ሁለተኛውን ማንም አልነካውም። በሳምንቱ ዋሽንግተን ያለችው የአክስቴ ልጅ የራሴን ድምጽ ለራሴ ላከችልኝ፤ ከሥሩ «ይቺን ዶክተር ስሚያት» ብላበታለች። በሳቅ ፈረስኩ።

ሳቄ የቆመው እትዬ ቤት ነው። እትዬ ከእኔ በታች ነው የሚኖሩት። አሥመራ ተወልደው አዲስ አበባ የተዳሩ፣ ሰባውን ያለፉ ጎረቤቴ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ክንዳቸው ላይ የደም ግፊት መለኪያውን አስርላቸዋለሁ። ያን ሰኞ ቁጥሩ ዘለለ። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ቤቱ ደግሞ የሆነ የማላውቀው ነገር ይሸታል። ዞር ስል የሳምንት ክኒን መያዣቸው ያለፈው ሳምንት ክኒን ከሰኞ እስከ እሑድ ጢም ብሎበታል።

«እትዬ፣ ክኒኑን አልወሰዱም?»

«ተውኩት እኮ።»

«ማን ይተዉ አለዎት?»

«ዶክተሯ!» አሉና ስልካቸውን ከፈቱ። የባቡር ድምጽ፣ ከዚያ እኔ። «ስቶክሆልም ያለችው እህቴ ናት የላከችልኝ። አቤት ስትናገር፣ ማር!»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «እትዬ፣ ይቺ እኮ እኔ ነኝ።»

«የቷ?»

«ዶክተሯ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ይቺ የተማረች ናት፣ ልጄ።»

«ድምጼን አይሰሙትም?»

«ይመሳሰላል። ያንቺ ግን ጉንፋን አለበት።»

እውነትም ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ለካ ያ ክኒን እግራቸውን ሲያሳብጣቸው ከርሞ ምክንያት ሲፈልጉ ነበርና፣ ዶክተሯ ደረሰችላቸው። የሸተተኝ የሽንኩርት ልጣጭና ጤና አዳም አብሮ ተፈልቶ ነው፤ በቀን ሦስት ብርጭቆ።

«ሐሺሽ ቤቴ አይገባም» አሉኝ፣ «ዘመዶቹ ግን ይበቁኛል።»

ለክሊኒካቸው ኮል አደረግሁ። ነርሷ ክኒኑን ዛሬውኑ ይጀምሩ፣ ደረታቸውን ካመማቸው ወይ ዓይናቸው ከደበዘዘ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል አምጫቸው፣ ካልሆነ ሐሙስ ሐኪሟ ታያቸዋለች አለችኝ። ስልኩን ለእትዬ ሰጠኋቸው። በእንግሊዝኛ «ኦኬ፣ ኦኬ፣ ታንክ ዩ» አሉና ዘግተው ሻያቸውን ፉት አሉ። ክኒኑ አልተነካም። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው ግን ጉንፋኔ መስሏቸው ከዚያው ከሽንኩርቱ ቀዱልኝ።

ሥራ ቦታ ጠርሙስ ሳጥብ ዋልኩና አንድ ነገር ገባኝ። ከእኔ አፍ ከወጣ የጎረቤት ወሬ ነው፤ ከስቶክሆልም ከመጣ እውቀት ነው። ስለዚህ ስወጣ ባቡር ውስጥ ገብቼ ስልኬን አፌ ላይ ደገንኩ። ያለ ባቡሩ ድምጽ ማንም አያውቀኝማ። አሁን ግን «ግን»ን አስቀደምኳት። «ግን! ዶክተር አይደለሁም። ኦክላንድ ውስጥ ጠርሙስ የማጥብ ሴት ነኝ። ያወራኋችሁ ነገር ገና ሳህን ላይና አይጥ ላይ ነው። በኔ ወሬ ክኒኑን ያቆመ ሰው ካለ አሁኑኑ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ እንቅልፍ ነስቶኛል።» ለአክስቴ ልጅ ላክሁና «ፎርዋርድ ካላደረግሽው አንቺ የኔ ዘመድ አይደለሽም» አልኳት።

ከላይ ቤት ወደ ታች ቤት አሥራ ሦስት ደረጃ ነው። ድምጼ እሱን ለመውረድ ዋሽንግተንንና ስቶክሆልምን ሊዞር ነው። ማክሰኞ ለካሁ፤ ቁጥሩ አልወረደም። «ያማል?» እላለሁ፣ «አያምም» ይላሉ። ሥራ ቦታ በየሰዓቱ እየደወልኩ ዓይናቸው ደህና መሆኑን ስጠይቅ ዋልኩ፤ በመጨረሻ «የግድግዳው ሰዓት ይታየኛል፣ አንቺ ግን ሥራ እየሠራሽ አይመስለኝም» አሉኝ። ረቡዕ ጠዋት እምቢ ቢሉም ጎትቼ ድንገተኛ ክፍል ልወስዳቸው የመኪና ቁልፍ ይዤ ወረድኩ። በሩን ሲከፍቱ ክኒኑ መዳፋቸው ላይ ነው።

«ዶክተሯ ተቆጥታለች» አሉኝ። «ደግሞ ‹ጠርሙስ አጣቢ ነኝ› ትላለች! ትሕትናዋን አየሽ? የተማረ ሰው እንዲህ ነው።»

ክኒኑን በውሃ ዋጥ ሲያደርጉት እያየሁ፣ አዎ እትዬ፣ ትሕትና ነው አልኩ።

ሐሙስ አስተርጓሚያቸው ሆኜ ክሊኒክ ገባሁ። ሐኪሟ ደግ ናት። እግራቸውን ተጫነችና ክኒኑን በሌላ ቀየረችላቸው። ስለ ሽንኩርቱና ስለ ጤና አዳሙ ስነግራት ሳትስቅ ጻፈችው፤ ካናቢስም ይሁን ሌላ ቅጠል፣ ከመድኃኒት ጋር ሊጋጭ ስለሚችል መደበቅ የለበትም አለች። እትዬ ክኒኑን ያቆምኩት ዶክተር ብላኝ ነው ሲሉ ተርጉሜላት ነበርና፣ ከዚያ ቀና ብላ ያቺ ዶክተር ማን እንደሆነች ጠየቀች።

የጃኬቴን ዚፕ መዝጋትና መክፈት ጀመርኩ።

እትዬ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። «ምን ቆምሽ? ‹እኔ ነኝ› በያታ።»

«እትዬ! ያውቁ ነበር?»

«ጉንፋንሽ ሲለቅሽ አወቅሁሽ» አሉኝ።