በጭማሪ ሰዓት ለተሸነፈ አንድ ነጥብ

ልጅ እያለሁ የሚሰፋኝ፣ ዛሬ ደግሞ አልገባ ያለኝ አንድ የሱፍ ሹራብ ሣጥኔ ውስጥ አለ። እናቴ የሠራችው ለእኔ አልነበረም፤ ለታላቅ ወንድሜ ለጌታቸው ነበር። ጌታቸው ለውትድርና ተመልምሎ ደብረ ብርሃን ካምፕ ገብቶ ነበርና ወደ ሰሜን ከመጫኑ በፊት እንዲደርሰው ፈለገች። ቀበሌው ግን የይለፍ ወረቀት ከለከላት።

ያኔ ነው የከተማችን የጎረቤላ ወጣት ማኅበር የገናን ጨዋታ እንደ እግር ኳስ በነጥብ ያደረገው። አራት ሰፈሮች ይጋጠማሉ፤ ሦስቱ በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን ሄደው ይጫወታሉ፣ መጨረሻ የወጣው ይቀራል። እናቴ ካለፍን እንዳደርስላት ሹራቡን አጣጥፋ ትራሴ ሥር አደረገችው። ከእንጨት ኳሷ ከሩሯ ይልቅ የጓደኞቹን ቅልጥም መምታት በሚቀናው ልጅ ተስፋ መጣሏ ነበር።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ሽፈራው ሕጉን አስረዳን። ያሸነፈ ሁለት ነጥብ፣ የተሸነፈ ባዶ፤ እኩል ቆይቶ በጭማሪ ሰዓት የተሸነፈ ግን አንድ ያገኛል። ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ አልዋጥላቸው ብሎ፣ ሰው ተሸንፎ ምን ተብሎ ይሸለማል ሲሉ ጠየቁ። እኛ ግን ሕጉ ለእኛ የወጣ መሰለን።

ገበያ ሰፈሮች መጀመሪያ እኛን ቀጠቀጡን፤ ከዚያ ወዲያ ማንንም ሳያሸንፉ በሁለት ነጥብ ጨረሱ። እኛ ሁለተኛውን ጨዋታ በጭማሪ ተሸንፈን አንድ ነጥብ ያዝን። የመጨረሻው ከኃይለኞቹ ከላይ ሰፈሮች ጋር ነበር። አለቃችን ተክሌ፣ አንዲት ነጥብ ብቻ ካገኘን ከገበያ ሰፈር እኩል እንሆናለን አለ። እኩል መሆን ይበቃ እንደሆነ የጠየቀ የለም። በሒሳብ ከክፍሌ አንደኛ የነበርኩት እኔ ጉረኛውም አልጠየቅኩም።

በዚያ ብርድ ነፍሳችን እስኪወጣ ታግለን ባዶ ለባዶ ያዝናቸው። የመደበኛው ሰዓት ፊሽካ ሲነፋ ዱላችንን ወርውረን ጨፈርን። ጭማሪው ሲጀመር እኔ ገና የተክሌ ትከሻ ላይ ነበርኩ። ላይ ሰፈሮች ሩሯን እየነዱ በመሃላችን አልፈው አገቡ፤ እኛ ጭፈራውን ቀጠልን።

ጋሽ ወልዴ ግራ ገብቷቸው፣ «ኧረ የተሸነፈው የቱ ነው?» አሉ።

መልሱን የሰጠው ጓድ ሽፈራው ነው። «ነጥብ እኩል ሲሆን ብዙ ያሸነፈ ይቀድማል። እናንተ ማንን አሸነፋችሁ?»

ማንንም።

ሹራቡን ለገበያ ሰፈሩ ልጅ ለሁሴን ሰጠሁት። ሲመለስ እንደታጠፈ አመጣው። የካምፑ ጠባቂ ዕቃ አይገባም ብሎት ነበር።

«ጌታቸውን ግን በአጥሩ አየሁት» አለኝ። «ያ ቀልደኛ ወንድሜ ለምን አልመጣም አለኝ። ተሸንፈው እየጨፈሩ ነበር አልኩት። ወላሂ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።»

ከዚያ ወዲህ ወንድሜን ያየ ሰው አላገኘንም።

በቀደም የልጅ ልጄ በስልኩ፣ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ እንደ ገና በዱላ የሚጫወቱ ፈረንጆች አሳየኝ። እነሱም በጭማሪ ለተሸነፈ አንድ ነጥብ ይሰጣሉ አለኝ። የጓድ ሽፈራው ሕግ ባሕር ተሻግሯል ብዬ ሳቅሁ። ማታ ሹራቡን አውጥቼ ሞከርኩት፤ አንገቴ ላይ ቀረ። ልጅ ሳለሁ ይሰፋኝ ነበር፣ አሁን ጠበበኝ፤ እንግዲህ በመሃል ልኬ የሆነበት ዓመት ነበረ ማለት ነው። በዚያ ዓመት እናቴ መንገድ መንገዱን ታይ ስለነበር አንድም ቀን አልለበስኩትም።