የተቆረጠ ገመድ

ልጄ እንጅባራ ሱቃችን ባንኮኒ ላይ ተደፍቶ በስልኩ የጃፓን ካርቱን ያያል። የጠፈር መርከቡ አለቃ ውጭ የተንጠለጠለውን የጓደኛውን ገመድ ቆረጠ፤ ባይቆርጠው ሁሉም አብረው ይጠፉ ነበር። ጠፈር ላይ ድምፅ የለም አሉ፣ ሰውየው ዝም ብሎ ራቀ።

"አባዬ፣ አለቃው ክፉ ነው ወይስ ደግ?" አለኝ።

ዋጋ ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። ያ የተቆረጠ ገመድ በልጅነቴ ዳንግላ ካየሁት ለቅሶ ላይ ጣለኝ።

አባቴና ጓደኛው ላቀው ከገበያ ሲመለሱ በአንድ ገመድ ተያይዘው የክረምት ወንዝ ገቡ። ውሃው ላቀውን ሲወስደው አባቴ ገመዱን ቆርጦ ብቻውን ወጣ። በእኛ አገር የሟች ፈረስ ተሸልሞ ለቅሶው መሃል ይሳባል። የላቀው ሚስት ልጓሙን ለአባቴ ሰጠችው።

"አንተ ሳበው ወንድሜ። ይኸን እንኳ እንዳትለቀው።"

እኔ ክብር መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ፈረሱ ላብና እርጥብ ሱፍ ይሸታል። ጩኸቱ ሲያስበረግገው ልጓሙ የአባቴን መዳፍ ላጠው፤ አባቴ ግን አልለቀቀም። ማታ እናቴ መዳፉን ቅቤ ስትቀባው፣ "ባልቆርጠው ኖሮ ሁለት ፈረስ ይሳብ ነበር" አላት።

"ፈረስ ልንገዛ ነው?" አልኩ። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ ወዲህ አባቴ የላቀውን ማሳ ሳያርስ የራሱን አርሶ አያውቅም። ሴትዮዋም ምሳውን አስቀርታበት አታውቅም፤ በስሙ ግን ዳግመኛ አልጠራችውም።

"እሺ፣ ያ አለቃ ለሟቹ ሚስት ምን አላት?" አልኩት ልጄን።

"ገመዱ በራሱ ተበጠሰ አላት።"

አባቴም እንዲያ ማለት ይችል ነበር። ወንዙ ዳር ሌላ ሰው አልነበረም፤ መቁረጡን ሄዶ የነገራት ራሱ ነው።