አባታቸውን የማያውቁ ልጆች

ይህ የሆነው በጣሊያን ጊዜ፣ ሮብ ገበያ አጠገብ ባለችው መንደራችን ነው። ሰሞኑን በሬዲዮ ባለሙያዎች ስለ ሕፃናት አስተዳደግ ያጠኑትን ይዘው፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሳይገባ በፊት መጀመሪያ ምን ይማር እያሉ ሲከራከሩ ሰማሁ። እኔን ይህ ጥያቄ የገጠመኝ ገና በልጅነቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ከልቤ ወጥቶ አያውቅም።

የመሪጌታ ልጅ በመሆኔ ሴት ብሆንም ፊደል ቆጥሬያለሁ። ወንዶቹ ለአርበኝነት ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጡ እርሻውንም፣ አረሙንም፣ ስንቅ ማቀበሉንም ሚስቶቻቸው ያዙት። ትንንሾቹን ልጆች ለእኔ ትተው ይሄዳሉ። ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ብሆን ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከጽዱ ዛፍ ሥር ሰብስቤ ፊደል አስቆጥራቸዋለሁ፣ ቆሎ አበላቸዋለሁ፣ ሲጣሉ እገላግላለሁ። አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል።

በእኛ አገር ሕፃን አፉን ሲፈታ መጀመሪያ የሚማረው የአባቱን ስም ነው። ትልቅ ሰው መንገድ ላይ አግኝቶ «የማን ልጅ ነህ?» ሲለው ቀጥ ብሎ ቆሞ «የእገሌ ልጅ» ካላለ እናቱ ታፍራለች። አያቱን ከጨመረበትማ ይሳማል፣ ይመረቃል።

አንድ ሰሞን ወሬ መጣ። አንድ የጣሊያን ሹም ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ በየመንደሩ እየዞረ ሕፃናት እንዴት እንደሚያድጉ፣ ማን እንደሚያበላቸው፣ ማን እንደሚያስተምራቸው ያጠናል፤ መንግሥቱ ስለ ሕፃናት ደንብ ሊያወጣ ነው ተባለ። እናቶቹ የታያቸው ግን ሌላ ነው። የልጁን አባት ስም ያወቀ ማን ጫካ እንደገባ አወቀ ማለት ነው። በማዶው መንደር ባሎቻቸው የሸፈቱ ሴቶች ቤት ተቃጥሏል።

ስለዚህ እናቶቹ መጥተው ልጆቹ የአባታቸውን ስም እንዳይናገሩ አድርጊልን ብለው ለመኑኝ። እኔም ያንን የመጀመሪያ ትምህርት ላስረሳቸው ተነሳሁ። የማን ልጅ ነህ ሲባሉ «አላውቅም» እንዲሉ አስጠናኋቸው። ሁሉም ቶሎ ያዙት፤ ያስቸገረኝ ቢያድግ ብቻ ነው። ቢያድግ የአራት ዓመት ልጅ ነው፤ አባቱ አንለይ በጮቄ በኩል ስሙ የሚፈራ አርበኛ ነበር። «አውቀዋለሁ እኮ» እያለ ያለቅሳል። ቆሎ እየከለከልኩ እሱንም አስለመድኩት።

ሹሙ የመጣው ጠዋት፣ እናቶቹ ማሳ ላይ ሳሉ ነው። ወታደሮችና አንድ ሐበሻ አስተርጓሚ አስከትሎ ግቢው በር ላይ ከበቅሎው ወረደ። ልሩጥ ብል ልጆቹን ለማን ልተው?

ቁጡ ሰው አልነበረም። ፈገግ እያለ ከረሜላ አደለ፤ ይሄ ደግሞ ይብስ አስፈራኝ። ምን እንደሚበሉ፣ እናቶቻቸው የት እንደሚውሉ፣ ምን እንደማስተምራቸው አስጠየቀኝ፤ አንድ በአንድ መለስኩ። ከዚያ ስለ አባቶቻቸው ማወቅ ፈለገ። አስተርጓሚው ወደ አንዷ ልጅ ጎንበስ ብሎ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቃት።

አላውቅም አለች። አጠገቧ ያለውም አላውቅም አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። ቢያድግ ጋ ደረሰ። ልጁ ከረሜላውን በጉንጩ እንደያዘ አየኝ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አላውቅም» አለ።

ተንፈስ ልል ስል አስተርጓሚው ቀና ብሎ ተመለከተኝ። የሠራሁት ሥራ ያኔ ገባኝ። ጣሊያኑን ማታለል ይቻል ይሆናል። ይህ ሰው ግን የአገር ልጅ ነው፤ አነጋገሩም ቢሆን ከእኛው ወገን ነው። ግቢ ሙሉ ሕፃን አባቴን አላውቅም ሲል ምን ማለት እንደሆነ ለእሱ ነጋሪ አያሻውም። አባቶቻቸው የት እንዳሉ ጮኼ ከመናገር አልተሻልኩም።

አስተርጓሚው ወደ ሹሙ ዞሮ በጣሊያንኛ ረዘም አድርጎ ተናገረ። አንድም ቃል አልገባኝም፤ የእናቶቹ ቤት ሲነድ ብቻ ይታየኛል። ሹሙ አዳምጦ ሲጨርስ የቢያድግን ራስ ዳሰስ አደረገና ወደ በቅሎው ሄደ።

አስተርጓሚው የጫማውን ማሰሪያ የሚያጠብቅ መስሎ ወደ ኋላ ቀረ።

«ቤተ ክርስቲያን የምታሳድጋቸው የሙት ልጆች ናቸው ብዬዋለሁ» አለኝ፣ ቀና ሳይል። «እህቴ፣ ነገ ሌላ ይመጣና ይጠይቃል። ከእንግዲህ አባቴ ሞቷል ይበሉ።»

ሌላ ቃል ሳይጨምር ተከትሏቸው ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

እንዳለኝ አስጠናኋቸው። ቢያድግ በዚህኛው አላስቸገረኝም። ቆይቶ ሳስበው፣ አምኖኝ ነበር።

ጣሊያን ለቆ አርበኞቹ ሲገቡ መንደሩ በእልልታ ተናወጠ። አንለይ ጎፈሬው ትከሻው ላይ ወርዶ፣ ጠመንጃውን እንዳነገተ በቀጥታ ወደ ልጆቹ መጣ። ልጁን ከመሐል ለየው። ሮጦ ግን አላቀፈው፤ ፊቱ ተንበረከከና በኩራት ጠየቀው።

«አንተ፣ የማን ልጅ ነህ?»

ቢያድግ ቀጥ ብሎ ቆመ። «አባቴ ሞቷል» አለ።

አንለይ ቀና ብሎ እኔን አየ። ልጁ ያንን ሰው አባዬ ብሎ እስኪጠራው ክረምቱ ገብቶ ወጣ።

ያንን አስተርጓሚ ባስታወስኩት ቁጥር እመርቀዋለሁ። ፍርሃቱ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ሰው አንድ ሕፃን አቁሞ የማን ልጅ ነህ ሲለው ካየሁ፣ ልጁ የአባቱን ስም እስኪጠራ ድረስ ትንፋሼን ውጬ እጠብቃለሁ።