«ምን ጠየቅን?» የሚሉ ጠበቃ

ቡታጅራ ውስጥ የፍቺና የልጅ ማሳደግ ጉዳይ ይይዙ የነበሩት ጠበቃ አጎቴ አቤቱታ ጽፈው ሲጨርሱ ለባለጉዳይዋ በጉራግኛ ያስረዷታል። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠው፣ «እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ ምን ጠየቅን?» ይሏታል። ሳትመልስ አያስፈርሟትም።

ካረፉ ወዲህ ቢሮውን የያዘው ልጃቸው ከአሮጌ አቤቱታ ላይ በኮምፒውተር ቀድቶ፣ ስም ቀይሮ ያስፈርማል። በቅርቡ አንዲት የመስቃን እናት ልጇን ራሷ ለማሳደግ መጣች። የተቀዳው አቤቱታ ግን «ልጁ ከአባቱ ጋር ይኑር» ይላል። ማንበብ ስለማትችል ፈረመች። ዳኛው ችሎት ላይ በአማርኛ ሲያነቡት፣ እሷ ሳይገባት አባትየው ወዲያው ተስማማ።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ነው» አለኝ ልጃቸው።

«ኮምፒውተሩንማ የገዙት አባትህ ናቸው! አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው ያቃተህ።»

በአጎቴ ለቅሶ ላይ ሁሉም «የድሮ ሰው ነበሩ» ሲል ዝም ማለቴ አሁን ያናድደኛል። አዲስ ዕቃ ይወዱ ነበር፤ የማይወዱት ሰውን ሳያናግሩ ማስፈረም ነው።

አቤቱታው እስኪታረም ልጁ አባቱ ጋ ሄደ። እናቱ ትናንት ቢሮ መጥታ፣ «ልጄ ‹እናቴ አልፈለገችኝም› እያለ ነው። ወላሂ፣ ይሄንንስ ማን ያርምልኛል?» አለችን።