ለማንም እንዳትነግሪ ያልኳት ሩጫ

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ የሁዳዴ ጾምና ረመዳን አብረው በገቡበት ጊዜ ነው። ዛሬም ጀሪካን ስሞላ ትዝ ይለኛል። ትዝ ሲለኝ እጄ ሥራ ይፈታል፤ ቆም ብዬ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ።

የምኖረው አዋሽ ሰባት ነው። ባለቤቴ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ እኔ መንገድ ዳር ባለ አንድ አልጋ ቤት አንሶላ አጥባለሁ። ልጃችን ቤዛ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ትሮጣለች፤ የምትሮጠው ግን አጭሩን ነበር። ሜዳውን ጥቂት ጊዜ ዞራ ትጨርሳለች፤ እኔም ከዳር ሆኜ ሳያት ከዓይኔ አትጠፋም።

አንድ ቀን የስፖርት መምህሯ ቤታችን ድረስ መጣ። ሰመራ ላይ የጎዳና ሩጫ አለ፤ ከሰመራ ተነስቶ ሎግያ ደርሶ መልስ፣ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር። ልትሮጥ የነበረችው ልጅ ታማ ቀርታለች። የቀረው ጊዜ አንድ ወር አይሞላም።

«ቤዛ ትተካት» አለ።

«መምህር፣ ይቺ ልጅ እኮ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር በመኪና ስትሄድ ራሷን ያዞራታል» አልኩት።

«በእግሯ ስትሄድ አያዞራትም» ብሎ ሳቀ።

አባቷም ሳቀ። ቤዛ ግን አልሳቀችም፤ አፍጥጣ የምታየው እኔን ነው። እምቢ ማለት አልቻልኩም። እሺ ስል ግን አንድ ነገር አስጠነቀቅኳት፦ «ለማንም እንዳትነግሪ።»

እኔ እንዲህ ነኝ። ልጄ ፈተና ስትቀመጥ አልናገርም። እሷን ሳረግዝ እንኳ ሆዴ እስኪገፋ ለገዛ እህቴ አልነገርኩም። የሰው አፍ እፈራለሁ። ደግሞስ ብትወድቅ? ሰፈሩ ምን ይላል?

ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ተደብቃ መውጣት ጀመረች። መምህሩ ወደ አዋሽ አርባ በሚወስደው መንገድ በሞተር ሳይክሉ ይከተላታል። ጎረቤቴ አንድ ቀን በላብ ተነክራ ስትገባ አይታ «የት ሄዳ ነው?» አለችኝ። «ዳቦ ልትገዛ» አልኳት።

«ዳቦ ቤቱ አዳማ ነው እንዴ?» አለችና ገባች። እኔም በሬን ዘጋሁ።

አንድ ቅዳሜ ቤዛ እንደ ልማዷ በሶዋን ጠጥታ ወጣች። ፀሐይ ሳይበረታ መመለስ ነበረባት። አልተመለሰችም። ሦስት ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ፤ መምህሩ ብቻውን ነው።

«ቤዛ ገባች?» አለኝ።

«ከአንተ ጋር አልነበረችም?» አልኩት። ለካ የሞተሩ ጎማ ተንፍሶበት ቀድማው ሄዳለች። አስጠግኖ አዋሽ አርባ ድረስ ደርሶ ቢመለስ መንገዱ ላይ የለችም። ስልኳ ደግሞ እዚያው አልጋዋ ላይ ነው። ባለቤቴ መንገድ ላይ የተበላሸ መኪና ሊሠራ ገዋኔ ሄዷል።

መምህሩ በሌላኛው አቅጣጫ ሊፈልግ ሄደ። እኔ ነጠላዬን ይዤ ሮጬ ወጣሁ። ጅቡቲ የሚሄዱት ከባድ መኪናዎች የሚቆሙበት ቦታ ሾፌሮቹን ጠየቅኩ። ያያት የለም። ባጃጅ ይዤ ወደ ከተማው መውጫ ከነፍኩ። ኬላው ጋ ስንደርስ ባለ ባጃጁ ቆመ። ከዚያ በላይ ባጃጅ አያሳልፉም አለኝ። የአዋሽን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ያን ጊዜ በልቤ የነበረውን ያውቃል።

ከኬላው ወዲያ አንድ አፋር ሽማግሌ ግራር ሥር ተቀምጠዋል። ሽርጥ አገልድመው ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ሮጬ ሄድኩ።

«አባባ፣ ቀይ ማሊያ የለበሰች ልጅ በዚህ ስታልፍ አይተዋል?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ተቀመጪ» አሉ።

«የመቀመጫ ጊዜ የለኝም አባባ፣ ልጄ ጠፍታብኝ ነው!»

«ተቀመጪ። ከየት መጣሽ? ከተማው ሰላም ነው? ምን ሰማሽ?»

ደሜ ፈላ። ልጄ በዚህ ሐሩር ጠፍታ እኚህ ሰው የከተማ ወሬ ይጠይቁኛል! ልጮህባቸው ስል ባለ ባጃጁ ከኋላዬ ደርሶ ክንዴን ያዘኝ።

«እትዬ፣ ዳጉ ነው» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አፋሮች ወሬ የሚለዋወጡት እንዲህ ነው። ሰምተው ነው የሚናገሩት። ቁጭ በይና ያለሽን ንገሪያቸው፤ ይሻልሻል።»

ዳጉ የሚባለውን ስሙን እሰማለሁ፤ አብሬያቸው ስኖር ግን አንድም ቀን ተቀምጬ አላውቅም። አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ። ለእህቴና ለጎረቤቴ የደበቅኩትን ሁሉ ለማላውቃቸው ሰው ዘረገፍኩት። ስሟን ነገርኳቸው፤ ሰመራ ልትሮጥ መሆኗን፣ ያን ያህል ርቀት ሮጣ እንደማታውቅ፣ አባቷ እንደሌለ፣ እኔም ከመጀመሪያው ፈርቼ እንደነበር። ሽማግሌው አንዴም አላቋረጡኝም። በየመሐሉ «እሺ» ብቻ ይላሉ። ስጨርስ እንባዬ ይወርድ ነበር።

«ልጅሽ ደህና ናት» አሉ።

ከዚያ ያላቸውን ወሬ ነገሩኝ። ቤዛ የከባድ መኪናዎቹ ነፋስ ሲያስፈራት ከአስፋልቱ ወርዳ በፍየል መንገድ ሮጣለች። መንገዱ እያራቀ ወስዷታል። እሾህ ጫማዋን አልፎ ግራ እግሯን ወግቷታል። ፀሐይ አዙሯት ግራር ሥር ወድቃ የሽማግሌው የወንድም ልጅ ሚስት ሐዋ አግኝታታለች። እሾሁ ወጥቷል፤ ውኃ ጠጥታለች፤ ፀሐዩ ሳይበርድ አትሄጂም ተብላለች። ይህን የነገራቸው በዚያ በኩል ያለፈ ግመል ነጂ ነው። «እሱ በዓይኑ አይቷል። ሌላ አልሰማሁም» ብለው ጨረሱ።

«ታዲያ አባባ፣ መጀመሪያ ስጠይቅዎ ለምን አልነገሩኝም?»

«እናቷ መሆንሽን በምን አውቃለሁ? የሰው ልጅ ያለችበት ለጠየቀ ሁሉ ይነገራል?» አሉኝ።

በጥንቃቄ የሚበልጠኝ ሰው አገኘሁ አልኩ በልቤ።

ሽማግሌው ሑመድ ይባላሉ። ዱላቸውን አንስተው እየመሩ ወሰዱኝ። ከግራሮቹ መሐል በሰሌን የተሸፈነች ክብ ቤት አለች። ጎንበስ ብዬ ስገባ ቤዛ ምንጣፍ ላይ ተኝታለች። ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ አለ፤ እግሯ በንጹሕ ጨርቅ ታስሯል። ሐዋ አጠገቧ ተቀምጣ በሰሌን ቁራጭ ታራግብላታለች። የሐዋ ከንፈር በጾም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ቢጫው ጀሪካን ከጥግ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ጥቂት ውኃ ቀርቶታል። እዚያ አካባቢ ውኃ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ሴቶቹ ተሸክመው ሲያልፉ በየቀኑ አያቸዋለሁ።

«ውኃሽን ጨረሰችው እኮ እህቴ። አንቺ ደግሞ ጾመኛ ነሽ» አልኳት።

«የምጾመው እኔ ነኝ። እሷ መች ጾመች?» አለች፤ ማራገቡንም አላቆመች።

ቤዛ ዓይኗን ገልጣ «እማዬ፣ እንዳትቆጪኝ» አለችኝ። ከንፈሯ ጠርዝ ላይ የፍየል ወተት ደርቆ አየሁ። ሁዳዴ ነው። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩላት። ኋላ ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው «ወተቱን የሰጠቻትን ሴት በጸሎትሽ አስቢያት» አሉኝ።

ፀሐዩ እስኪበርድ እዚያው ዋልን፤ ለመምህሩ ባለ ባጃጁ ነገረልኝ። ልንነሳ ስንል ቤዛን «በቃ ሰመራው ይቅርብን» አልኳት። እሷ አንገቷን ደፋች። ሽማግሌው ደጅ ሆነው ሰምተዋል።

«ምንድን ነው የሚቀረው?»

«ሩጫው አባባ። ልጄን ሊያሳጣኝ ነበር።»

«የማይሆን ነገር!» ብለው ዱላቸውን መሬት መቱ። «እኔ ከአንቺ አፍ ሰምቼ ሰመራ ትሮጣለች ብዬ ነግሬአለሁ። አንቺ እዚህ ስትቀመጪ ሦስት ሰው በዚህ አልፏል፤ ሦስቱም ይዘውት ሄደዋል። ዳጉ ላይ ውሸት አይገባም። በዚህ ሽበቴ ውሸታም ልታደርጊኝ ነው?»

ሐዋ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ቤዛም ሳቀች። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁም እንባ ሆነብኝ።

እግሯ እስኪሽር ጥቂት ቀን አረፈች፤ ከዚያ ልምምዱን ቀጠለች። መምህሩም ከዚያ ወዲህ ጎማውን ሳያይ አይነሳም። ነገሩ ግን እንደ በፊቱ አልነበረም። አንሶላ ሳሰጣ ወተት የምታመጣው አፋር ሴት ትመጣና «ልጅሽ ድልድዩ ጋ ደርሳ ተመልሳለች፤ ደህና ናት» ትለኛለች። ቤዛ ቤት ስትገባ እኔ ወሬዋን ሰምቼ ጨርሻለሁ። አንድ ጠዋት ደግሞ «ዛሬ ሆዷን ይዛ ቆማ ነበር፤ ከመሮጧ በፊት ብዙ አታብያት» ተባልኩ። እውነትም በሶውን አብዝቼባት ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ከሰው አፍ ስሸሽ ኖሬ፣ ልጄን የሚጠብቃት የሰው አፍ ሆኖ አገኘሁት። ለጎረቤቴም ነገርኳት። «እኔማ ዳቦው መቼ እንደሚመጣ ስጠብቅ ነበር» አለችኝ።

ሩጫው የተደረገው ዒድ ካለፈ በኋላ ነው። ከመምህሩና ከሌሎቹ ሯጭ ልጆች ጋር እኔም በአውቶቡስ ሄድኩ። ገዋኔን፣ አዳይቱን አልፈን ሰመራ ገባን። በማግሥቱ ማለዳ ተጀመረ። ከሎግያ ሲመለሱ የሚያልፉበት መንገድ ዳር ቆምኩ። ነፋሱ ገና በጠዋቱ እንደ ምድጃ አፍ ይጋረፋል። የማውቀው ሰው የለም። ደግሞ እንዳትወድቅ፣ ደግሞ ፀሐዩ እንዳያዞራት እላለሁ።

አንዲት አፋር ሴት ጀሪካንና የፕላስቲክ ኩባያ ይዛ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ትክ ብላ አየችኝ።

«ከአዋሽ ነሽ?»

«አዎ።»

«የሯጯ እናት?»

«አዎ» አልኩ ደንግጬ። «በምን አወቅሽ?»

እሷ ግን ጥያቄ ነበራት። «ግራ እግሯ ዳነላት?» አለችኝ።

አዋሽ ከሰመራ ስንት አገር ነው! ይህችን ሴት አይቻት አላውቅም። ለልጄ እግር ስትጨነቅ ከርማለች። «ድኖላታል» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ» አለችና ኩባያውን ሞላች።

ቤዛ ብቅ አለች። ከፊተኞቹ ጋር አይደለችም፤ ግን ትሮጣለች፤ አታነክስም። ሴትዮዋ ወደ መንገዱ ጠጋ ብላ ውኃውን ዘረጋችላት። ቤዛ ቆማ ጠጣች፤ የተረፈውን አናቷ ላይ አፍስሳ ሄደች። አሥራ አንደኛ ወጣች። እኔ የምፈልገው በእግሯ ቆማ እንድትጨርስ ብቻ ነበር፤ ጨረሰች።

አዋሽ በተመለስን በማግሥቱ ሐዋ ጋ ሄድን። ሁለት አዳዲስ ጀሪካን ውኃ ሞልተን፣ የሰፈር ሰው በጋሪ አደረሰልን። ሐዋ ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀችን።

«አሥራ አንደኛ» አለች ገና ሳንደርስ። «ውኃ ለመጠጣት ቆማለች አሉ። ባትቆም አሥረኛ ነበረች።»

«ሁሉን ሰምተሽ የለ፣ እኔ ምን ልንገርሽ?» አልኳት።

ምንጣፉን አነጠፈችልኝ። «ተቀመጪ። ከእናቷ አፍ አልሰማሁም» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ከአውቶቡሱ ጀምሬ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

ጭንቀቴ ዛሬም አልለቀቀኝም፤ ልጄ በወጣች ቁጥር ሰዓት እቆጥራለሁ። ግን አሁን ስትወጣ በሬን ከፍቼ፣ ሰፈሩ እየሰማ «ወደ አዋሽ አርባ ነው የምትሮጠው!» እላለሁ።